ተጽፎ የማያልቅ ቁጥር፦ 2^(2^127 − 1) − 1ን የመመርመር ሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ቁጥሩና መሣሪያው

ሥራው የሚመለከተው አንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም 2^(2^127 − 1) − 1 ነው። አርቢው፣ ማለትም 2^127 − 1፣ ሲሰላ 170141183460469231731687303715884105727 ይሆናል፤ ባለ 39 አሃዝ ነው። ከዚህ በኋላ አርቢውን «ፕ»፣ ዋናውን ቁጥር «ታላቁ ቁጥር» እያልሁ እጽፋለሁ። የታሪክ ዓመታትን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ቁጥር የመረጥሁት በአንድ የታወቀ ሰንሰለት ውስጥ ስላለ ነው። ሰንሰለቱ ከ2 ይጀምራል፤ በእጅ ያለውን ቁጥር የ2 አርቢ አድርጎ ከውጤቱ 1 መቀነስ ቀጣዩን ይሰጣል። ስለዚህ 2፣ 3፣ 7፣ 127 እያለ ሄዶ አምስተኛው ፕ፣ ስድስተኛው ታላቁ ቁጥር ይሆናል። የፊተኞቹ አምስቱ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ የፕን ብቸኛነት ያረጋገጠው በ1876 ሲሆን ዩዠን ካታላን በዚያው ዓመት ሰንሰለቱን አንሥቶ ጽፎበታል። ስድስተኛው ብቸኛ ይሁን ጥምር፣ ማለትም ሌላ አካፋይ ያለው፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጥምር ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ጥምር ይሆናሉ፤ አርቢው ጥምር የሆነ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ ሊሆን አይችልምና።

መሣሪያው አራት ኮር ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል። የምጀምረው በፓይተን ነው፤ ፓይተን የፈለጉትን ያህል ርዝመት ያላቸውን ሙሉ ቁጥሮች ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ ያሰላልና። ፍጥነት ሲያስፈልግ ወደ ሲ እዞራለሁ። የደመና ኮምፒውተር መከራየት በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ስለሚጠይቅ ከእቅዱ ውጭ አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ መሆን አለበት። ታላቁን ቁጥር መጻፍም ሆነ በማንኛውም ማሽን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በሁለትዮሽ ሲጻፍ ፕ ያህል 1 የሚል አሃዝ ብቻ የተደረደረበት ነው፤ ለማስቀመጥ 2^124 ያህል ባይት፣ ማለትም ወደ 2.1 × 10^37 ባይት ይፈልጋል። አንድ ቴራባይት 10^12 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ሳንይዝ ጠባዩን የምናውቅበትን መንገድ መፈለግ ይኖርብናል፤ ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

መስከረም፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ መሠረቱን ማረጋገጥ

በኋላ የሚመጣው ሁሉ ፕ ብቸኛ በመሆኑ ላይ የቆመ ስለሆነ ይህን ራሴ አስልቼ ማየት ፈለግሁ። የተጠቀምሁበት ሉካስ የጀመረውና ዴሪክ ሌመር በ1930 ያስተካከለው ፈተና ነው። ከ4 ይነሣል፤ በየደረጃው ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፣ ከውጤቱ 2 ይቀነሳል፣ ከዚያም ለሚፈተነው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል። የሚፈተነው 2^127 − 1 ከሆነ ደረጃዎቹ 127 − 2፣ ማለትም 125 ናቸው፤ የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ 0 ካልሆነ ደግሞ ጥምር ነው።

ኮዱ ትክክል መሆኑን ለማየት በመጀመሪያ በ127 ላይ ሞከርሁት፤ ይህን ማንም በወረቀት ሊከተለው ይችላል። 127 = 2^7 − 1 ስለሆነ ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። 4 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 14 ይሆናል፤ 14 ደግሞ 194 ይሆንና ለ127 ሲካፈል 67 ይቀራል፤ ከ67 42፣ ከ42 111 ይመጣል፤ 111 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 12319 ነው፣ ይህም 97 ጊዜ 127 ስለሆነ ቀሪው 0 ነው። ለፕ ይኸው ሉፕ 125 ጊዜ ሲዞር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ጊዜ አልወሰደም፤ ውጤቱም 0 ነው። 127 ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚቀረው በ4 ፈንታ ከ3 መነሣትም ይቻላል፤ በዚያም በኩል 0 መጣ።

ሉካስ ይህን ያደረገው ያለ ምንም ማሽን ነው። ፕ ከዚያ በኋላ ለ75 ዓመታት፣ እስከ 1951 ድረስ፣ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ መቆየቱን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ይኸው ፈተና ለታላቁ ቁጥር አያገለግልም። ደረጃዎቹ ፕ − 2 ይሆናሉ፣ በየደረጃው የሚባዛውም ቁጥር ከ10^37 በላይ አሃዝ ይኖረዋል። ስለዚህ ታላቁ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ በዚህ መንገድ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ጥምር ከሆነ ግን አንድ አካፋይ ማግኘት ብቻ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ፍለጋ በሙሉ ወደዚህ አንድ አቅጣጫ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

መስከረም መጨረሻ፦ ርዝመቱና መነሻ አሃዞቹ

የአንድ ቁጥር የአሃዝ ብዛት ከሎጋሪዝሙ ይገኛል። ፕን በ2 ባለ አሥር መሠረት ሎጋሪዝም፣ ማለትም በ0.30102999566398… ማባዛት፣ ከውጤቱ ሙሉውን ክፍል ወስዶ 1 መጨመር ነው። የቀረው ክፍልፋይ ደግሞ መነሻ አሃዞቹን ይነግረናል።

በመጀመሪያ የሞከርሁት በተራው የነጥብ ቁጥር፣ ባለ 64 ቢቱ ደብል ነበር፤ የክፍልፋዩ ቦታ ሁልጊዜ 0 ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደብል ከ15 እስከ 17 የሚሆኑ አሃዞችን ብቻ ይይዛል፤ ውጤቱ በሚያርፍበት በ5 × 10^37 አካባቢ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የደብል ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 2^73፣ ማለትም ወደ 9.4 × 10^21 ነው። በእንዲህ ዓይነት ሚዛን ላይ ክፍልፋይ መፈለግ ትርጉም የለውም፤ ከሙሉው ክፍል ውስጥ ራሱ የመጨረሻዎቹ ሃያ ገደማ አሃዞች የማይታመኑ ናቸው።

ስለዚህ በፓይተን ዴሲማል ሞጁል በ60 አሃዝ ትክክለኛነት አሰላሁት፤ ከዚያ ለማመሳከር በ80 ደገምሁት፣ ሁለቱም ተስማሙ። የታላቁ ቁጥር የአሃዝ ብዛት 51217599719369681875006054625051616350 ነው። የብዛቱ መግለጫ ራሱ 38 አሃዝ አለው። ክፍልፋዩ 0.73674 ስለሆነ 10 በዚህ አርቢ ሲነሣ 5.4543 ይሰጣል፤ ስለዚህ ታላቁ ቁጥር ከግራ ሲነበብ በ54543 ይጀምራል።

ከዚህ በላይ መነሻ አሃዝ የሚፈልግ ሰው የሎጋሪዝሙን ትክክለኛነት መጨመር ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አሃዝ አንድ ተጨማሪ የሎጋሪዝም አሃዝ ያስፈልጋል። መካከሉ ላይ ያሉት አሃዞች ግን በዚህም ሆነ በሚቀጥለው መንገድ አይደረስባቸውም።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ መድረሻ አሃዞቹ

መድረሻ አሃዞች ከመነሻዎቹ ይቀላሉ፤ የ2 ርቢዎች የመጨረሻ አሃዞች እየዞሩ ይመለሳሉና። የመጨረሻው አንድ አሃዝ በየ4 ርቢው ይደገማል፣ ሁለቱ በየ20፣ ሦስቱ በየ100፣ አራቱ በየ500፣ አምስቱ በየ2500። ስለዚህ ማወቅ የሚያስፈልገው ፕ ለእነዚህ ሲካፈል የሚቀረውን ብቻ ነው። ለ100 ሲካፈል 27 ይቀራል፤ 2^27 ደግሞ 134217728 ነው፤ 1 ሲቀነስ ታላቁ ቁጥር በ727 ያልቃል ማለት ነው። ለ2500 ሲካፈል 727 ስለሚቀር የ2^727ን የመጨረሻ አምስት አሃዞች ማግኘት ነው፤ እነርሱም 33728 ናቸው። ታላቁ ቁጥር በ33727 ያልቃል።

ከዚህ ሂሳብ ላይ አስቀድሜ ያልጠበቅሁት ሥርዓት ወጣ፤ በጣም ስለወደድሁት ሰፋ አድርጌ አቆየዋለሁ። የሰንሰለቱን አባላት መጨረሻ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ 3 እና 7 ከመጨረሻ ምንም የሚጋሩት አሃዝ የለም። 7 እና 127 አንድ አሃዝ፣ 7ን፣ ይጋራሉ። 127 እና ፕ ሁለት አሃዝ፣ 27ን፣ ይጋራሉ። ፕ በ5727፣ ታላቁ ቁጥር በ3727 ስለሚያልቁ ሦስት አሃዝ ይጋራሉ። ከታላቁ ቁጥር በኋላ የሚመጣው ሰባተኛው አባል ደግሞ ከታላቁ ቁጥር ጋር አራት አሃዝ ይጋራል፤ ሁለቱም በ3727 ያልቃሉ። በየደረጃው አንድ አሃዝ እየረጋ ይሄዳል። ምክንያቱ ከላይ ባለው ዑደት ውስጥ ነው፦ ሁለት አርቢዎች ለ500 ሲካፈሉ እኩል ከቀራቸው የርቢዎቻቸው የመጨረሻ አራት አሃዞች አንድ ይሆናሉ፤ 500 ደግሞ የ1000 አካፋይ ስለሆነ አርቢዎቹ የመጨረሻ ሦስት አሃዛቸውን ከተጋሩ ይህ ይሟላል። አምስተኛው አሃዝ በዚያው ደረጃ አብሮ የማይረጋው ፕና ታላቁ ቁጥር ለ2500 ሲካፈሉ ቀሪዎቻቸው 727 እና 1227 ሆነው ስለሚለያዩ ነው።

ሌሎች ቀሪዎችን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ። ታላቁ ቁጥር ለ7 ሲካፈል 1፣ ለ11 ሲካፈል 6፣ ለ13 ሲካፈል 10፣ ለ17 ሲካፈል 8 ይቀራል። ለ9 ሲካፈል የሚቀረው 1 ነው፤ ይህም ማለት እነዚያን 5.1 × 10^37 አሃዞች አንድ በአንድ ደምሮ ለ9 ማካፈል ቢቻል ኖሮ የሚቀረው 1 ይሆን ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ፦ አካፋዩ ምን መምሰል አለበት

በትናንሽ ቁጥሮች እያካፈሉ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀ የሚባል ብቸኛ ቁጥር ታላቁን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ 2^ፕ ለቀ ሲካፈል 1 ይቀራል። ፕ ብቸኛ ስለሆነ ይህን የሚያደርጉት አርቢዎች የፕ ብዜቶች ብቻ ናቸው። ፌርማ ባገኘው ሕግ መሠረት 2^(ቀ − 1) ለቀ ሲካፈልም 1 ይቀራል፤ ስለዚህ ቀ − 1 የፕ ብዜት ነው። ቀ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ የ2 × ፕ ብዜት ይሆናል። በአጭሩ ቀ = 2 × ኬ × ፕ + 1 ነው፤ ኬ ከ1 ጀምሮ ያለ ሙሉ ቁጥር ነው። ከ3.4 × 10^38 በታች አንድም አካፋይ እንደሌለ ያለ ምንም ማሽን በዚህ አወቅን።

ሁለተኛው ገደብ ቀ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ሊቀረው እንደሚችል ነው። ይህ ወደ ኬ ሲተረጎም ኬ ለ4 ሲካፈል 0 ወይም 1 መቅረት አለበት ማለት ነው፤ ግማሹ በዚህ ይወድቃል።

ሦስተኛው፣ ቀ ራሱ ብቸኛ መሆን ስላለበት በትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የሚካፈለውን ሁሉ መጣል ነው። ለምሳሌ ኬ ለ7 ሲካፈል 3 ከቀረው ቀ የ7 ብዜት ነው፤ ኬ ለ11 ሲካፈል 10 ከቀረው የ11 ብዜት ነው፤ ለ13 ሲካፈል 11 ከቀረው የ13። እዚህ ላይ የፕ ልዩ ቅርጽ አንድ ያማረ ነገር ያመጣል። ኬ = 1 ሲሆን ቀ = 2^128 − 1 ነው፤ ይህም በ3፣ በ5፣ በ17፣ በ257፣ በ641፣ በ65537 እና በሌሎች ይካፈላል። ስለዚህ ከእነዚህ ለማናቸውም ሲካፈል 1 የሚቀረው ኬ ሁሉ ወዲያው ይወድቃል። ኬ = 4 ለ3 ሲካፈል 1 ስለሚቀር ወደቀ። ኬ = 5 እስከ 13 ያሉትን ሁሉ የሚያልፈው የመጀመሪያው ነው፤ የእርሱ ቀ 1701411834604692317316873037158841057271 ነው።

በ4፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በ11 የሚጣሉትን አንድ ላይ ብናይ በየ4620 ተከታታይ የኬ ዋጋዎች ውስጥ 960 ብቻ ይተርፋሉ። ኮዱን የምሠራው በእነዚህ 960 ረድፎች ላይ ነው።

ከዚያ የተረፈውን መፈተን ይቀራል፤ ፈተናው ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። 2^ፕ ለቀ ሲካፈል 1 ይቀራል ማለትና 2^(2^127) ለቀ ሲካፈል 2 ይቀራል ማለት አንድ ነው። ስለዚህ ከ2 ተነሥቶ 127 ጊዜ በራሱ እያባዙ በየጊዜው ለቀ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው፤ በመጨረሻ ተመልሶ 2 ከመጣ ቀ የታላቁ ቁጥር አካፋይ ነው። ከ10^37 በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ለቀ ይካፈል እንደ ሆነ ለማወቅ 127 ማባዛት ብቻ ይበቃል።

ጥቅምት መጨረሻ፦ መልሱ የታወቀ መፈተኛ

ሁልጊዜ «አይደለም» ብሎ የሚመልስ የተበላሸ ፕሮግራምና በትክክል «አይደለም» የሚል ፕሮግራም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ «አዎን» የሚባልባቸው ምሳሌዎች ያስፈልጋሉ። ደግነቱ በ127 ፈንታ 13፣ 17፣ 19 እና 31 ሲገቡ የሚገኙት ተመሳሳይ ቁጥሮች ሁሉም ጥምር መሆናቸው ይታወቃል፤ አካፋዮቻቸውም ተገኝተዋል። ለ19 አካፋዩ 62914441 ነው፣ ኬ = 60። ለ17 አካፋዩ 231733529 ነው፣ ኬ = 884። ለ31 አካፋዩ 295257526626031 ነው፣ ኬ = 68745። ለ13 ደግሞ 338193759479 ነው፤ ኬ 20644229 ድረስ መሄድ ይጠይቃል። ትንሹ አርቢ ረጅሙን ፍለጋ መጠየቁ ልብ ሊባል ይገባል።

የ19ኙን በእጅ ጀምሬ ተከታተልሁት፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65536። ቀጣዩ 4294967296 ስለሚሆን ለ62914441 ሲካፈል 68 ጊዜ ደርሶ 16785308 ይቀራል። ከዚህ በኋላ ቀሪዎቹ ምንም ሥርዓት የማይታይባቸው ይመስላሉ፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን 2 ተመልሶ ይመጣል። የፓይተኑ ፕሮግራም አራቱንም ያለ ስሕተት አገኛቸው።

ወንፊቱን፣ ማለትም ቀ በትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች የሚካፈልባቸውን የኬ ዋጋዎች አስቀድሞ የሚጥለውን ክፍል፣ እስከ 10^6 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሠራሁት፤ ለእያንዳንዱ የሚጣለውን የኬ ቀሪ አንዴ አስልቶ በባይት ድርድር ላይ በእኩል ርቀት እየዘለሉ መሰረዝ ነው። ከ100 የኬ ዋጋዎች 4 ገደማ ይተርፋሉ። በፓይተን አንዱን የተረፈ መፈተን ከ20 እስከ 30 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። እስከ ኬ = 10^9 ለመድረስ ይህ በቂ ነበር፤ አካፋይ አልተገኘም። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን ሲ ያስፈልጋል።

ኅዳር፦ ወደ ሲ መዞር

ኬ 10^11 ሲደርስ ቀ 165 ቢት ይሆናል። በሲ በተለምዶ የሚገኘው ትልቁ የሙሉ ቁጥር ዓይነት 128 ቢት ስለሆነ ቁጥሩን በሦስት ባለ 64 ቢት ክፍሎች መያዝ ግድ ነው። ማካፈል ከማባዛት እጅግ የዘገየ ሥራ ስለሆነ ፒተር ሞንትጎመሪ በ1985 ያወጣውን ዘዴ ተጠቀምሁ፤ በቀ ማካፈልን በ2^64 በማካፈል፣ ማለትም ክፍሎቹን አንድ ቦታ በማሸጋገር ይተካዋል። ለዚህ ለእያንዳንዱ ቀ አንድ ቋሚ ማስላት ያስፈልጋል፤ እዚህም የፕ ቅርጽ ረዳኝ። ቀ = ኬ × 2^128 − (2 × ኬ − 1) ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል የታችኛው ክፍሉ ከ2 × ኬ − 1 ብቻ ይገኛል፤ ቋሚውም የ2 × ኬ − 1 ግልባጭ ነው፣ በጥቂት የኒውተን ዙሮች ይወጣል።

ቀ ከ2^190 በታች እስከ ሆነ ድረስ ከእያንዳንዱ ማባዛት በኋላ የሚደረገውን የመጨረሻ መቀነስ መተው ይቻላል፤ ውጤቱ ከ2 × ቀ በታች መሆኑ ብቻ ይበቃል። ይህ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዳሩ ግን በመጨረሻው ማነጻጸር ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መልሱ 2 ሆኖ ሳለ ማሽኑ ላይ 2 + ቀ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላልና ከማነጻጸር በፊት ወደ ትክክለኛው ቀሪ መመለስ አለበት። ይህ ባይደረግ የምንፈልገው አካፋይ በእጃችን ገብቶ ሳናየው ያልፍ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያጋልጥ ባለ ሦስት ክፍል ምሳሌ ማግኘት ቀላል አልነበረም። የፊተኞቹ አራት አካፋዮች ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገቡ ትንንሾች ናቸው፤ የታላቁ ቁጥር አካፋይ ደግሞ አንድም አይታወቅም። መውጫው የተገኘው በ2^255 − 1 ነው። 2ን ስምንት ጊዜ በራሱ ማባዛት 2^256ን ይሰጣል፤ የ2^255 − 1 አካፋይ በሆነ ማንኛውም ቁጥር ሲካፈል ደግሞ 2 ይቀራል። 2^255 − 1 በ2^85 − 1 ሲካፈል 2^170 + 2^85 + 1 ይወጣል፤ ይህ ባለ 171 ቢት ጎዶሎ ቁጥር ነው፣ በሦስት ክፍል ይያዛል፣ መልሱም «አዎን» ነው። የሲው ፕሮግራም በዚህ ላይ 2 ብሎ መለሰ። ሌላኛው መፈተኛ ኬ = 1 ነው፤ ቀ = 2^128 − 1 ላይ ሰባተኛው ማባዛት 1 ይሰጣል፣ ከዚያ እስከ 127ኛው 1 ሆኖ ይቀጥላል። ይህም ተሳካ።

ከዚህ በተጨማሪ የኬ ዋጋዎች በተከታታይ ምድቦች ተከፋፍለው ስለሚሠሩ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፈተና የመጨረሻ ቀሪ ታችኛ 64 ቢት በየምድቡ እያጣመረ አንድ የማመሳከሪያ ቁጥር ይጽፋል። ከየምድቡ ጥቂት የኬ ዋጋዎችን በዕጣ እያነሣሁ በፓይተን ደግሜ አሰላለሁ። አንዱ ፈተና በሲ 2 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ከፓይተን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የፈጠነ ነው።

ኅዳር መጨረሻ፦ መብራትና ሙቀት

የመጀመሪያው ረጅም ሩጫ መብራት ሲጠፋና የላፕቶፑ ያረጀ ባትሪ ሳይዝለት ሲቀር ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ምድብ ሲያልቅ ፕሮግራሙ የደረሰበትን በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ወደ ዲስኩ መግባቱን ካረጋገጠ በኋላ የፋይሉን ስም ይለውጣል፤ መብራቱ በመካከል ቢጠፋ አሮጌው ፋይል ሳይነካ ይቆያል። በቀጥታ በአሮጌው ላይ መጻፍ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። አራቱም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አራተኛው ኮር ተጨምሮ የሚገኘው ጥቅም ከንቱ ሆነ ማለት ይቻላል። ማራገቢያውን ከአቧራ አጽድቼ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ቅባት ቀየርሁ። ቅባቱና ማጽጃው ከ1000 ብር ያነሰ ወጪ ነው፤ ከመብራት ክፍያ ሌላ ለዚህ ሥራ ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው። ከጥገናው በኋላ አራቱ ኮሮች ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ይሠራሉ።

ታኅሣሥ፦ እስከ 10^11

ወንፊቱን ከ10^6 ወደ 10^7 ከፍ አድርጌ ሞከርሁት፤ የሚተርፈው ከ100 ወደ 4.1 የነበረው 3.5 ገደማ ይሆናል። የወንፊቱ ጊዜ ስለሚጨምር ትርፉ የሚታየው ምድቦቹ ትልልቅ ሲሆኑ ነው፤ ሰፊ ምድብ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ካሽ፣ ማለትም ከትንሹ ፈጣን ማኅደሩ፣ ወጥቶ ይዘገያል። ለእያንዳንዱ ከ960ዎቹ ረድፎች በካሽ ውስጥ የሚገባ የቢት ድርድር መያዝና ትልልቆቹን ብቸኛ ቁጥሮች ለብቻ ማስተናገድ መፍትሔ ሆነ።

እስከ ኬ = 10^11 ያለው ተጠናቀቀ፤ አካፋይ የለም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ለዓመታት የተደራጁ ፈላጊዎች ከዚህ እጅግ ርቀው ሄደዋል፣ እነርሱም አላገኙም። ለእኔ ዋጋ ያለው ክልሉን በራሴ ኮድ፣ ከሌሎች ተለይቼ፣ ደግሜ ማረጋገጤ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሲደግመው ይጠነክራል።

የመገኘት ዕድሉን በተመለከተ የተረጋገጠ ሕግ ሳይሆን ግምት አለ፤ የቢት ርዝመቱ ሰማንያ በሆነ ቦታ ላይ አካፋይ የመገኘት ዕድል ወደ 1/80፣ መቶ ስድሳ በሆነ ቦታ ላይ ወደ 1/160 ነው እንደ ማለት ነው። በዚህ መሠረት ከ128 ቢት እስከ ኬ = 10^9፣ ማለትም እስከ 158 ቢት ድረስ፣ ለመገኘት የነበረው ዕድል 19 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያ እስከ 10^11 ያለው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ ሥራው ግን መቶ እጥፍ። ከ10^11 እስከ 10^12 ደግሞ 2 በመቶ ነው። በሌላ በኩል ታላቁ ቁጥር ብቸኛ የመሆኑ ዕድል በተመሳሳይ ግምት ከ10^35 አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ማመንና አካፋዩን ጽፎ ማሳየት የተለያዩ ናቸው፣ ትንሹ አካፋይም ማንም ሊደርስበት ከማይችል ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

ጥር፦ ቀጣዩ ክልል

እስከ 10^12 ለመቀጠል ወስኛለሁ። በወንፊቱ የሚተርፉት ወደ 3.1 × 10^10 ይሆናሉ፤ በ2 ማይክሮሰከንድ ሲሰላ በአንድ ኮር ከ17 ሰዓት በላይ፣ በአራቱ ደግሞ ከ4 ሰዓት ጥቂት በላይ ነው፣ የወንፊቱ ጊዜ ሳይቆጠር። ቀ የሚያዝበትን ቦታ ከሦስት ክፍል ወደ አራት ክፍል መቀየር አያስፈልግም፤ ቀ ገና 168 ቢት ላይ ነው። አዲሱ ምድብ የሚጀምረው ከኬ = 100000000001 ነው፤ እርሱ ለ5 ሲካፈል 1 ስለሚቀረው ወዲያው ይወድቃል። የሚቀጥሉት ሁለቱ ለ4 ሲካፈሉ 2 እና 3 ይቀራቸዋልና አይፈተኑም። ኬ = 100000000004 ግን እስከ 17 ያሉትን ሁሉ አልፏል፤ ወንፊቱ የሚቀጥለው ከዚህ ነው።